የምንያህል ግራ እጅ

የጊታሩን ክር በግራ እጁ ሳይጫን ሲመታው ስልኩ ላይ ያለው ጠቋሚ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አረንጓዴም ይሆናል። በግራ እጁ ጣት ተጭኖ ሲመታው ግን ወደ ቀኝ ያጋድልና ይቀላል። ምንያህል ይህን ከቁርስ በኋላ ሃያ ጊዜ ያህል ሞከረ። ሃያውንም ጊዜ ቀላ።

ምንያህል ጌጅ ያምናል። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ጌጅ ካላመነ ምን ያምናል? የአየሩ ጌጅ ሲወርድ ይቆማል፤ የሙቀቱ ጌጅ ሲወጣ ይቆማል፤ ለምን ብሎ አይከራከርም። አሁንም አልተከራከረም። ጊታሩን አልጋው ላይ አጋደመና ግራ እጁን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ አገላብጦ አየው።

«ሞቷል ማለት ነው» አለ።

«ማን ሞተ?» አለች ብርቄ ከወጥ ቤት።

«ማንም አልሞተም። ሥራሽን ሥሪ።»

ብርቄ ሚስቱ ናት። ከተጋቡ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አብዛኛውን እሱ ጅቡቲ መንገድ ላይ፣ እሷ ቤት ውስጥ ሆነው ነው የኖሩት። አሁን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ አምስት ወር ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር ሲከርሙ የመጀመሪያቸው ነው። እሱ እሷ ጠዋት ጠዋት ብቻዋን እንደምታወራ አወቀ። እሷ ደግሞ እሱ ሲጨነቅ ዝም እንደሚል አወቀች፤ ሳይጨነቅም ዝም ስለሚል ሁለቱን ዝምታ ለመለየት ጊዜ ወስዶባታል።

ነገሩ የመጣው ሚሌ ላይ ነው። ጥቅምት ውስጥ፣ ተሳቢውን ከመኪናው ጋር ሲያገናኝ፣ የግራ እጁ ሦስት ጣቶች በብረቱ መካከል ገቡ። አጥንቱን ሐኪሞች ገጣጠሙት፤ ቁስሉም ደረቀ። የቀረው ሌላ ነው። የሦስቱ ጣቶች ጫፍ ደንዝዟል። ብርጭቆ ያነሣል፤ ማንሣቱን የሚያውቀው ግን በዓይኑ አይቶ ነው።

የሚነዳው መኪና የወይዘሮ ዘሀራ ነው። ወይዘሮ ዘሀራ ሾላ ገበያ ውስጥ እህል የሚነግዱ፣ ከስልጤ የመጡ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት አብረው ሠርተዋል። እጁ በፋሻ እንደተጠቀለለ ሊጠይቃቸው በሄደ ጊዜ ከጤፍ ጆንያ ላይ ሳይነሡ እንዲህ አሉት፦

«መኪናውን ለጊዜው ሌላ ሰው ይዞት ይሄዳል። እስከ ኢድ ድረስ ቦታው የአንተ ነው። ከኢድ በኋላ ግን ቋሚ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ገባኝ።»

«እጁ መሪ ይይዛል ብሎ ሐኪም የጻፈበት ወረቀት አምጣ። እኔ የምፈራው ለመኪናው እንዳይመስልህ። አንተን ገደል ውስጥ መፈለግ ነው የምፈራው።»

ኢድ አሁን ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የሐኪም ቀጠሮው የፊታችን ረቡዕ ነው። ምንያህል ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ሌላ ሥራ የሚማር ሰው አላየም። ሌላ ሥራም አያምረውም።

ወደ ጊታር የመራችው ናዲያ ናት። ናዲያ በሆስፒታሉ የተጎዳ እጅና እግር የምታሠራ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቀልድ የማታበዛ ወጣት ባለሙያ ናት። ኳስ እንዲጨምቅ ሰጥታው ነበር። እሱም ጨመቀው፤ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ኳስ አፈነዳ።

«ጋሽ ምንያህል፣ ኳሱ አምስቱን ጣት አንድ ላይ ነው የሚያሠራው» አለችው። «እኔ እያንዳንዱ ጣት ለብቻው እንዲሠራ እፈልጋለሁ። ክራር ይሞክሩ። ካልሆነ ሹራብ ይሥሩ።»

«ሹራብ?»

«ምነው፣ ወንድ ሹራብ አይሠራም?»

«ይለብሳል» አለ ምንያህል።

ይህን ለነገሳ ነገረው። ነገሳ የድሮ ጓደኛው ነው። ወጣት ሆነው አንድ መኪና ለሁለት እየተፈራረቁ ነድተዋል። ኋላ ነገሳ መንገዱን ተወና ወደ ተወለደበት ወደ እንጦጦ ሥር ተመለሰ። የአባቱ የገብስ ማሳ ዛሬ ቤት በቤት ሆኗል፤ እሱ ደግሞ እንጦጦ ፓርክ ውስጥ ችግኝ ይንከባከባል። ከግራ ቅንድቡ በላይ የጣት ርዝመት ያለው ጠባሳ አለበት። ጠባሳውን ያገኘው ከምንያህል ነው፤ እንዴት እንዳገኘው በቦታው ይነገራል።

ነገሳ በሳምንቱ በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር በትከሻው ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለከ ወጣ።

«ክራር የለኝም። ይሄ ግን ሶሬቲ የተወችው ነው። አዲስ ስለገዛች ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ ነበር።»

ሶሬቲ ልጁ ናት። ቢሾፍቱ ነርስ ሆና ትሠራለች፤ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥም ጊታር ትጫወታለች። ምንያህል አንሶላውን ገልጦ አየ።

«ምነው እንዲህ ጠፍጣፋ ሆነ?»

«ኤሌክትሪክ ነው።»

«ታዲያ ሶኬቱ የታለ?»

«ሶኬቱን ምን ያደርግልሃል? ጣት ልታሠራ ነው ወይስ ሠርግ ላይ ልትጫወት?»

እውነት ነው፤ ለጣት ሶኬት አያስፈልግም። ጊታሩ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ድምፅ ከትንኝ አይበልጥም ነበር። ብርቄ በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ቆማ አዳመጠችና «ድምፁን እንደዚህ አድርጎ የሚቀንስ ባል ቢኖረኝ ስንት ጎረቤት ባልጠላኝ» አለች። ምንያህል በሕይወቱ ጮኾ አያውቅም። ብርቄም ይህን ታውቃለች፤ እንዲያው ሲስቅ ለማየት ነው። አልሳቀም።

አስተማሪውን ያገኘው ከስልክ ነው። የሞተር ጥገና ቪዲዮ በሚፈልግበት ቦታ ላይ ጊታር ለጀማሪ ብሎ ጻፈ። መጀመሪያ የመጣለት ፊራኦል የሚባል፣ ጸጉሩን ያጎፈረ፣ ከፈገግታ የማይለይ ወጣት ነው። አርባ ትምህርት በተርታ አስቀምጧል። የመጀመሪያው ትምህርት መግቢያ ይላል። ምንያህል አለፈው። የመኪና መመሪያም ቢሆን ከሁለተኛው ምዕራፍ ነው የሚጀምረው፤ የመጀመሪያው ሁልጊዜ እንኳን ደስ ያለዎት ስለሚል።

ከሁለተኛው ጀምሮ ግን አንድ አላለፈም። በየጠዋቱ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፎ ይቀመጣል። ፊራኦል የያዘው ጊታር ሆዱ ትልቅ ነው፤ መሐሉም ላይ ክብ ቀዳዳ አለው። «ቀኝ እጃችሁን ቀዳዳው ላይ አድርጉ» ይላል። የምንያህል ጊታር ቀዳዳ የለውም። የተለያየ ሞዴል ነው ብሎ ዝም አለ። «ስትመቱት ሆዱ ደረታችሁ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማችኋል» ይላል። የምንያህል አይንቀጠቀጥም። በርትቶ ቢመታውም አይንቀጠቀጥም።

አንድ ነገር ግን በደንብ ገባው። ፊራኦል በየትምህርቱ የሚደጋግመው ነው።

«ክሩን አጥብቃችሁ ተጫኑት። ካልተጫናችሁት ይንጫጫል። ጣታችሁን ያማችኋል፤ አትራሩለት።»

ምንያህል አልራራለትም። ደግሞስ መቼ አመመው? የትንኝ ድምፁን ለመስማት አጥብቆ ይመታል፤ አጥብቆ ሲመታ ክሩ እንዳያመልጠው አጥብቆ ይጫናል። በሁለት ወር ውስጥ የሦስቱ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ክሩ ቦይ ሠራ። ብርቄ ስታየው «ይሄ ሕክምና ነው ወይስ ቅጣት?» አለች።

መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎት ነበር። እንደ ድንጋይ አንድ ላይ የነበሩት ጣቶች አንድ አንድ እያሉ ተለዩ። ቀለበት ጣቱ ለብቻው ተነሥቶ ለብቻው ያረፈበትን ቀን ለብርቄ ጠርቶ አሳያት። ከዚያ ሦስት ኮርድ ቻለ፤ ማለት ሦስት ዓይነት የጣት አቀማመጥ፣ በየተራው የሚመታ።

ነገር ግን አያምርም። ጆሮው አይዋሽም። በመንገድ ላይ ሲያድር ጎማዎቹን አንድ በአንድ በዱላ እየመታ፣ አሥራ ስምንቱንም በድምፃቸው ብቻ የትኛው አየር እንደጎደለው የሚለይ ሰው ነው። እነዚህ ሦስት ኮርዶች አንዱም ከአንዱ አይስማማም። የተጣሉ ጎረቤቶች ይመስላሉ።

ሃያ አንደኛው ትምህርት ላይ ፊራኦል ስለ መቃኛው አስተማረ። ስልክ ላይ የሚጫን፣ ድምፁን ሰምቶ በጠቋሚ የሚያሳይ ነገር ነው። መሐል ላይ ቆሞ አረንጓዴ ከሆነ ልክ ነው። ካጋደለ ይቀላል፤ ልክ አይደለም።

«ተጭናችሁ ስትመቱት ከቀላ» አለ ፊራኦል እየሳቀ፣ «ጣታችሁ ቦታው ላይ አላረፈም ማለት ነው።»

ይህን የሰማው ዛሬ ጠዋት ነው። ክሮቹን እንደተባለው ቃኛቸው፤ ሳይጫን ሲመታቸው ሁሉም አረንጓዴ ሆኑ። ከዚያ ተጭኖ መታ፤ ቀላ። ጣቱን ወደፊት ገፋው፤ ቀላ። ወደኋላ መለሰው፤ ቀላ። ምናልባት አልተጫንኩ ይሆናል ብሎ ጨምሮ ተጫነው፤ ይብሱኑ አጋደለ።

አሁን ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነለት። ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ እንጂ የት እንዳሉ አያውቁም። ክር ላይ ቦታቸውን የማያውቁ ጣቶች የጣርማ በር ቁልቁለት ላይ መሪ ሲይዙ ታየው። ቀኝ እጅ ማርሽ ላይ ሲሄድ፣ ሠላሳ ቶን ከኋላ ሲገፋ፣ መሪውን የሚይዘው ይኸው ግራ እጅ ነው።

ምሳ ላይ ብርቄ ወጡን አቀረበችና ፊቱን አየች።

«ረቡዕ ቀጠሮ አለህ።»

«አልሄድም።»

«ለምን?»

«የሚሉትን አውቄዋለሁ። ነገ ጊታሩን ለነገሳ እመልሳለሁ። ሰኞ ለዘሀራ ሰው ፈልጉ እላቸዋለሁ።»

ብርቄ እንጀራውን ወደ እሱ በኩል ገፋ አደረገችው። ቆይታ ግን «ለናዲያ እጅህን ሳታሳይ ተስፋ መቁረጥህ…» ብላ ጀመረችና ዝምታው የትኛው እንደሆነ ስለገባት ተወችው።

በማግሥቱ እሑድ ጊታሩን በዚያው አንሶላ ጠቅልሎ ወጣ። መገናኛ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ ጭኑ ላይ አቁሞ ይዞት ሄደ። አጠገቡ የተቀመጠች ዘንቢል የያዘች ሴት አንሶላውን አየችና «አባባ፣ የታመመ ሰው ነው እንዴ?» አለችው።

«ነበር» አላት።

ከመገናኛ ሌላ ታክሲ፣ ከዚያም ሌላ ይዞ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወረደ። ከዚያ በኋላ በእግር ነው። ዳገቱ ላይ ነፋሱ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ይመጣል። ነገሳ ቤት ደጃፍ ሳይደርስ አንድ ድምፅ ሰማና ቆመ።

ጊታር ነበር። ግን እሱ በሁለት ወር ውስጥ አንድ ቀንም ያልሰማው ዓይነት ነው። ሞልቶ፣ ረዝሞ፣ ሳይቸኩል የሚወጣ ድምፅ። በሩ ክፍት ስለሆነ ወደ ውስጥ አየ። ከቢሾፍቱ የመጣችው ሶሬቲ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትጫወታለች፤ ከእግሯ ሥር ትንሽ ጥቁር አምፕሊፋየር አለ። ምንያህል እንደ ልማዱ ድምፁን ትቶ እጇን ተመለከተ። የግራ እጇ ጣቶች ክሩን የሚነኩት የተኛ ሕፃን ላለመቀስቀስ እንደሚጠነቀቅ ሰው ነው።

«ና ግባ እንጂ፣ እንደ ቆጣሪ አንባቢ በር ላይ ምን ትገተራለህ» አለ ነገሳ ከጓሮ እየመጣ።

ሶሬቲ ብድግ ብላ ሳመችው። «ጋሼ ምንያህል፣ እንዴት ነው እጅዎ? አባዬ እየተማሩ ነው ብሎኝ ነበር።»

«ልመልስልሽ ነው የመጣሁት። እጁ እንቢ አለ።»

«እንዴት እንቢ አለ?»

«ቦታውን አያገኝም። ስልኩ ይናገራል።»

ነገሳና ልጁ ተያዩ። ሶሬቲ አንሶላውን ፈታች። ክሮቹን አንድ በአንድ ቃኘችና ገመዱን ከራሷ ጊታር ነቅላ አሮጌው ጊታር ላይ ሰካችው።

«እስቲ አንድ ጊዜ ይጫወቱልኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ለመሰናበቻ።»

ምንያህል ተቀመጠ። እንደለመደው ጣቶቹን አስቀምጦ፣ እንደለመደው አጥብቆ መታ። ቤቱ ጮኸ። የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ነገሳ የያዘው ሻይ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። ምንያህል እጁን ከእሳት እንደሚያነሣ ሰው አነሣ።

ሶሬቲ ድምፁን ቀነሰች። ስልኳን አውጥታ መቃኛውን ከፈተችና ፊቱ አስቀመጠችው።

«አሁን አንድ ክር ብቻ። ይጫኑና ይምቱት።»

መታው። ወደ ቀኝ አጋደለ፤ ቀላ። «አየሽ?» አላት። እሷ ግን ስልኩን አላየችም። ጎንበስ ብላ ጣቶቹን ነው የምታየው።

«ጣትዎን ያሳዩኝ።»

ዘረጋላት። ቦዮቹን በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻቸው።

«ያምዎታል?»

«አይሰማኝም።»

«ማነው ያስተማረዎት?»

ስልኩን አውጥቶ ፊራኦልን አሳያት። ሶሬቲ ትንሽ አየች፤ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። ላለመሳቅ እየታገለች እንደሆነ ግልጽ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ልጅ የያዘው ቦክስ ጊታር ነው።»

«ጊታር አይደለም እንዴ?»

«ነው። የሱ ክር ግን ወፍራም ነው፤ ከአንገቱም ራቅ ብሎ ነው የተወጠረው። እሱን ካልታገሉት እሺ አይልም። የእርስዎ ክር ጸጉር በሉት። ነካ ካደረጉት ይበቃዋል። እንደዚህ ሲጨቁኑት ከልኩ በላይ ይወጠራል፤ ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል። ጠቋሚው ወደ ቀኝ የሚሄደው ለዚህ ነው።»

«ጣቴ ቦታውን ስቶ አይደለም?»

«ቦታውማ ልክ ነው። ሦስቱም ልክ ቦታቸው ላይ ናቸው። እጅዎ አልደከመም፤ ከልክ በላይ በርትቶ ነው።»

ምንያህል «ድገሚው» አለ።

«ምኑን?»

«አሁን ያልሽውን።»

«በጣም በርትቶ ነው አልኩ። አሁን ይጫኑት፤ እኔ እመታዋለሁ። ከዚያ ቀስ እያሉ ይልቀቁት። ስልኩን እያዩ፤ ጣትዎ ስለማይነግርዎ ዓይንዎ ይንገርዎ።»

ተጫነ። መታችው። ቀይ። ትንሽ ለቀቀ፤ ጠቋሚው ትንሽ ተመለሰ። አሁንም ለቀቀ። ክሩን ያልነካው እስኪመስለው ድረስ ለቀቀ። ጠቋሚው መሐል ላይ መጥቶ ቆመና አረንጓዴ ሆነ፤ ድምፁም በቤቱ ውስጥ ሞልቶ ቆየ። ምንያህል ትንፋሹን ይዞ ነበር። ሲለቀው ከአምስት ወር በፊት የያዘውን የለቀቀ ይመስል ትከሻው ወረደ።

ነገሳ ሱሪውን እየጠረገ መጥቶ ቆመ። ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቱ ነካ።

«አሁን ገባኝ» አለ። «ሶሬቲ፣ ይሄን ነገር ከማን እንዳገኘሁት ነግሬሽ አውቃለሁ?»

«ከመኪና አደጋ አላልክም?»

«አደጋውማ ይሄውልሽ፣ እዚህ ተቀምጧል። ያቺ አሮጊት መኪናችን ፍሬኗ በሁለት እግር ካልቆምክባት የማትሰማ ነበረች። ኋላ አዲስ መኪና ሰጡን፤ የአየር ፍሬን ያለው። በጣት ብትነካው የሚይዝ። እኔ ጎኑ ተቀምጬ ሙዝ እልጣለሁ። አንዲት ፍየል መንገድ ገባች። ይሄ ሰውዬ ምን አደረገ መሰለሽ?»

«ቆመበት?»

«በሙሉ ክብደቱ። እኔና ሙዙ መስታወቱ ላይ ተገናኘን።»

«ለምጄ ነዋ» አለ ምንያህል።

«ፍየሏስ?» አለች ሶሬቲ።

«ፍየሏማ ምን ትሆናለች፤ ቆማ ታየኝ ነበር። አሁንም እዚያው ነህ አንተ ሰውዬ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አሮጊቷን መኪና ነው የምትነዳው።»

ምንያህል ሳቀ። ሳቁ መጀመሪያ በአፍንጫው ነበር የወጣው፤ ከዚያ መላ ሰውነቱን ያዘው። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ነገሳ ይህን ሳቅ ከስንት ዓመት በኋላ እንደሰማው አላስታወሰም፤ ሌላ ሻይ ሊያመጣ ሄደ።

ሶሬቲ የምንያህልን ስልክ ይዛ ወደ መጀመሪያው ትምህርት መለሰችው። ፊራኦል ፈገግ ብሎ ብቅ አለ። እንኳን ደስ ያላችሁ አላለም። «ይህ ትምህርት ለቦክስ ጊታር ነው» አለ። «ኤሌክትሪክ ጊታር ያላችሁ፣ ይሄን አያያዝ እንዳትወስዱብኝ። ክሩን አጣማችሁ እኔን ትሰድባላችሁ።»

«ይሄን አላዩትም?»

«መግቢያ ነው ብዬ አለፍኩት።»

«ጊታሩን ይውሰዱት» አለች። «የኔ እዚህ አለ።»

ረቡዕ ናዲያ ጌጅ ያለው የብረት መያዣ አስጨበጠችው። መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን። ግራውን ሲጨብጥ ጌጁን አይታ መነጽሯን አስተካከለች።

«ይበቃል፣ ጋሽ ምንያህል። ይበቃል። ዕቃው የመንግሥት ነው።»

ከዚያ ዓይኑን አስጨፍና የጣቶቹን ጫፍ በቀጭን ነገር ነካካችው። አንዳንዱን አወቀ፤ አብዛኛውን አላወቀም። ዓይኑን ሲከፍት እየጻፈች ነበር።

«ጉልበቱ ተመልሷል» አለችው ቀና ሳትል። «ስሜቱ ገና ነው። ይመጣል፤ ሁሉም ላይመጣ ይችላል። ይህን አልደብቅዎትም። ስለማይሰማዎት ከሚያስፈልገው በላይ ይጨብጣሉ፤ ስለዚህ እጅዎን በዓይንዎ ይጠብቁት። መሪ ግን ይይዛሉ። ምን ሲያሠሩት ከረሙ?»

«ጊታር።»

«ሹራብ ይሻል ነበር» አለች ናዲያ። ማኅተሙን ግን ረገጠችለት።

ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ሾላ ገበያ ወረደ። ወይዘሮ ዘሀራ እንደ ወትሮው ጆንያዎቹ መካከል ነበሩ። ጾሙ ከንፈራቸውን አድርቆታል። ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ አጥፈው መለሱለት።

«ሐኪም ጽፏል። ጥሩ። አሁን የእኔን ሐኪም እንይ።»

በቀኝ እጃቸው ነጭ ጤፍ ዘገኑና «ግራ እጅህን» አሉት። ዘረጋ። አፈሰሱለት።

«ጨብጥ። እስከ በር ሄደህ ተመለስ።»

ጤፍን የተላቀቁ ጣቶች አይይዙትም። አንዱ ጣት ከሌላው ትንሽ ከራቀ እንደ ውሃ ይወርዳል። አጥብቀው ከጨበጡትም ከላይ ይፈልቃል። ምንያህል ይህን ያውቃል፤ ጤፍ ጭኖ ስንት ዓመት ተመላልሷል። ጣቶቹን እያየ አንድ በአንድ ገጠማቸው። ሊያጠብቅ ሲል አረንጓዴው ጠቋሚ ትዝ አለውና ለቀቅ አደረገ። እጁን ብቻ እያየ ተራመደ። በሩ ላይ ከአንዲት በርበሬ ከተሸከመች ሴት ጋር ሊጋጭ ሲል «እያየህ» አለችው። «እያየሁ ነው» አላት። ተመለሰና የወይዘሮ ዘሀራ ቁና ውስጥ መልሶ አፈሰሰው።

ወይዘሮ ዘሀራ ጎንበስ ብለው ወለሉን አዩ። ጥቂት ፍሬ ወድቋል።

«ይሄን እርግብ ትለቅመዋለች» አሉ። ከቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ የመኪናውን ትርፍ ቁልፍ አውጥተው ሰጡት። «የኢድ ማግሥት። ከዚያ በፊት እንዳላይህ፤ ሚስትህ ጋር ዋል።»

«እሺ፣ እትዬ ዘሀራ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ቁልፉን በግራ እጁ ይዞት ተቀመጠ። ቁልፉ እጁ ውስጥ እንዳለ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍቶ አየ። ቀዝቃዛነቱ በትንሹ የተሰማው መሰለው። ምናልባት መስሎት ነው። ቢሆንም ባይሆንም ግድ አልሰጠውም።

ቤት ሲገባ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ብርቄ አየችው። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ትንሽ ቆመች።

«መቼ ነው?»

«ከኢድ በኋላ።»

«ይሁን» አለች። ከዚያ «መልመድ ጀምሬ ነበር» አለች፤ ወዲያውም ወጥ ቤት ገባች።

ምንያህል ጊታሩን አነሣ። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደገፈ። ፊራኦልን አልከፈተም፤ መቃኛውን ብቻ ነው የከፈተው። ጣቱን ክሩ ላይ አሳረፈና መታ። ድምፁ እንደ ድሮው የትንኝ ነው። ጠቋሚው መሐል ላይ መጣ። ሌላውን ጣት አሳረፈ። ሦስተኛውን። ሦስቱም አረንጓዴ።

«ቅዳሜ ሞቷል ያልከው ማን ነበር?» አለች ብርቄ ከውስጥ።

«ማንም አልሞተም» አለ ምንያህል። «ነይና እይ።»